ባዶ ነው ያለው ማን ነው?

ከኖርዝጌት ጣቢያ በባቡር ወደ መሃል ከተማ የሚወርድ መንገደኛ ሁለተኛው ፌርማታ ላይ ቢወርድ ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ሰፈር ይደርሳል። በዚያ ግቢ ከምድር ውጭ ሕይወት ይኖር እንደሆነ የሚመረምር፣ አስትሮባዮሎጂ የሚባል የትምህርት ዘርፍ አለ። ሁለት የዩኒቨርሲቲው ሊቃውንት፣ ፒተር ዋርድና ዶናልድ ብራውንሊ፣ በ2000 (ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆች ናቸው) ባሳተሙት መጽሐፍ ረቂቅ ተሕዋስያን በጠፈር በብዛት ሊገኙ ይችላሉ፣ እንስሳን የመሰለ ሕይወት ግን እጅግ ብርቅ ነው ብለው ተከራክረዋል።

ከዚህ ጎን ለጎን ሌላ ሐሳብ ሲንከባለል ቆይቷል። ይኸውም ሕይወትን መፈለግ ሳይሆን መዝራት ነው። ፍራንሲስ ክሪክና ሌስሊ ኦርጌል በ1973 የምድር ሕይወት ራሱ ከሌላ ዓለም ሆን ተብሎ የተላከ ሊሆን ይችላል ብለው ጻፉ። በ2016 ደግሞ የፍራንክፈርቱ የፊዚክስ ሊቅ ክላውዲየስ ግሮስ ሰው አልባ መንኩራኩር ባለ አንድ ሕዋስ ተሕዋስያንን በሌሎች ከዋክብት ዙሪያ ባሉ ፕላኔቶች ላይ እንድትዘራ ሐሳብ አቀረቡ። የዕቅዱም ስም «ዘፍጥረት» ነው።

ሐሳቡን በሳቅ ማለፍ አይገባም። ፀሐይ እየጋለች ስለምትሄድ ከአንድ ቢሊዮን ዓመት ገደማ በኋላ ምድር ለሕይወት አትመችም። በ1976 አዲስ አበባ ላይ የዘር ባንክ ያቋቋመች አገር ልጆች፣ የበሶብላና የጌሾ ዘር በሻንጣ ይዘው ውቅያኖስ የተሻገሩ ሰዎች፣ ዘር እንዳይጠፋ መጨነቅ ምን እንደሆነ ያውቃሉ። ደግሞስ የሚዘራው ባዶ ዓለም ላይ ከሆነ ማን ይጎዳል? የተለመደው መልስ ይህ ነው። ነገሩ ሁሉ ያለው ግን «ባዶ» በምትለዋ ቃል ላይ ነው።

ይህችን ቃል የአዋሽ ሸለቆ አፋሮች ከማንም በላይ ያውቋታል። ከ1960ዎቹ ጀምሮ በበጋ ከብት የሚያሰማሩበት የወንዝ ዳር ግጦሽ እንደ ባዶ መሬት ተቆጥሮ ለጥጥ እርሻ ተወሰደ። በ1970ዎቹና በ80ዎቹ ደግሞ በረሃውን ይገታል፣ ጥላና ማገዶ ይሆናል የተባለ ፕሮሶፒስ የሚሉት እሾሃማ ዛፍ ከውጭ መጥቶ ተተከለ። ያመጡት ሰዎች ክፋት አላሰቡም። ዛፉ ግን ፍሬውን ከብትና ፍየል እየበሉ፣ ዘሩን በየሄዱበት እየጣሉ፣ ጎርፍም እየወሰደው ከ1 ሚሊዮን ሄክታር በላይ ወረረ። ሣሩን አጠፋ፣ መንገድ ዘጋ፣ የከብቱን እግር ወጋ። ቢቆርጡት ከጉቶው ያቆጠቁጣል። አፋሮቹ «ደርጊ ሃራ»፣ የደርግ ዛፍ፣ ብለው ሰየሙት። ደርግ ሄደ፣ ዛፉ ቀረ።

በዚያው በአፋር፣ በስተሰሜን፣ ዳሎል አለ። ከባሕር ወለል ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ያለ፣ ውሃው ቢጫና አረንጓዴ፣ ጨውና አሲድ የሚፈላበት ስፍራ ነው። የሌላ ዓለም ሕይወት ፈላጊዎች የሚመላለሱበትም ለዚህ ነው። በ2019 በስፔን ሊቅ የሚመራ ቡድን በዳሎል እጅግ ጥቃቅን ተሕዋስያን አገኘሁ ብሎ አሳተመ። በዚያው ዓመት፣ ከወራት በኋላ፣ ከፈረንሳይ የሚመራ ሌላ ቡድን እጅግ አሲዳማና ጨዋማ በሆኑት ኩሬዎች ውስጥ ሕይወት የለም፣ ተሕዋስያን የሚመስሉ የማዕድን ቅንጣቶች አሉና ዓይን ይሳሳታል ሲል ጻፈ። ሁለቱም ኩሬው ዳር ቆመው፣ ውሃውን ቀድተው፣ ቤተ ሙከራ አስገብተው ነው። ኩሬ ዳር ቆሞ መስማማት ያቃተው ሊቅ፣ ብርሃን እንኳ ለመድረስ ዓመታት የሚፈጅበትን ዓለም «ባዶ ነው» ብሎ የሚፈርደው በምን ዓይኑ ነው?

ጊዜው ገና ነው የሚል አይጠፋም። ይሁንና ሚያዝያ 2019 ጨረቃ ላይ የተከሰከሰችው የእስራኤል መንኩራኩር በሺሕ የሚቆጠሩ፣ ደርቀውም የማይሞቱ ታርዲግሬድ የሚባሉ ጥቃቅን ፍጥረታትን ይዛ ነበር። ሕዝቡ ይህን የሰማው ከወራት በኋላ ነው። (የእርሷም ስም «በረሺት» ነበር፣ በኦሪቱ መጀመሪያ ላይ ያለችው ቃል። ዘር ላኪዎች ሁሉ ስም የሚወስዱት ከአንድ መጽሐፍ ነው።) ጨረቃ ላይ ይራባሉ ብሎ የሚሰጋ የለም። የሚያሰጋው ጥቂት ሰዎች ማንንም ሳይጠይቁ ማድረግ መቻላቸው ነው።

የ1967ቱ የጠፈር ውል የሰማይ አካላት በጎጂ ሁኔታ እንዳይበከሉ መንግሥታትን ያስገድዳል፣ ለግል ድርጅቶች ሥራም መንግሥታትን ተጠያቂ ያደርጋል። ሮኬት ሠሪው ብሉ ኦሪጅን ዋና መሥሪያ ቤቱ ከሲያትል በስተደቡብ ኬንት ነው፣ ሩቅ አይደለም። እዚህ ግብር የሚከፍልና ድምፅ የሚሰጥ ኢትዮጵያዊ ተመራጮቹን ሊጠይቅ የሚገባው ቀላል ነገር ነው፦ ሕይወት ያለው ነገር የጫነ መንኩራኩር ሁሉ ከመነሳቱ በፊት ጭነቱን በይፋ ያስመዝግብ፣ ዘር የሚጥልም ካለ መጀመሪያ ባዶነቱን ያስረዳ። በዩኒቨርሲቲው የሚማሩ የኢትዮጵያውያን ልጆችም ይህ ጉዳይ ሲነሳ እጃቸውን አውጥተው የደርጊ ሃራን ታሪክ ይንገሩ። መምህሮቻቸው ምናልባት አልሰሙት ይሆናል።