ድመቷን ከነነጠላዋ

ሰፈራችን ለልማት ሲነሳ ጎረቤታችን እማማ ቤት ለቤት እየዞሩ «ውሮን የሚወስድልኝ ማን አለ?» ሲሉ ለመኑ። እርሳቸው ልጃቸው ዘንድ ሊጠጉ ነው፤ የልጃቸው አከራይ ደግሞ ድመት አላስገባም ብሏል። ውሮ 11 ዓመቷ ነው። የሁላችንም መልስ አንድ ነበር፤ «ግልገል ብትሆን ኖሮ እንወስዳት ነበር።» እኔም እንደዚያው አልኩ።

ሰፈሩን በለቀቅን በአራተኛው ቀን የቀረ ቆርቆሮ ላነሳ ስመለስ ውሮ ከፈረሰው ቤት ደፍ ላይ ተቀምጣለች። በሩ የነበረበትን ቦታ ታያለች። አቅፌ ወሰድኳት።

ቤት እንደደረስን አልጋ ስር ገባች፤ ሁለት ቀን ሙሉ ምግብ አልነካም አለች። የእንስሳት ሐኪም ባማክር «ድመት ለቀናት ካልበላች ጉበቷ ይጎዳል፤ ቶሎ መላ ፈልጉ» አለኝ። እማማ ጋ ደወልኩ። «ልጄ፣ እሷ እኮ የምትተኛው ነጠላዬ ላይ ነው» አሉኝና አሮጌ ነጠላቸውን ላኩልኝ። አልጋው ስር አነጠፍኩላት። አሸተተችው፤ ጉንጯን አሸችበት፤ በዚያው ማታ በላች። ድመት ቤቷንና ወገኗን የምትለየው በጠረን ነውና።

ድመት የምናሳድገው ባብዛኛው ለአይጥ ነው። ጥርሷ ሲደክም ዋጋዋም ያበቃ ይመስለናል። ግልገል እንደሆነ አይቸግርም፤ ድመት ባረገዘች በሁለት ወር ገደማ ስለምትወልድ «ውሰዱልን» የሚል ጎረቤት ሁልጊዜ አለ። «ድመት መንኩሳ ዓመሏን አትረሳ» እያልንም አሮጊቷ አትለምደንም ብለን እንፈራለን። እኔ ግን ተረቱን ለእሷ ምስክር አድርጌዋለሁ። የግልገል ዓመል ገና አይታወቅም። የውሮን ግን እማማ አንድ በአንድ ነግረውኛል፤ ልጅ አትቧጭርም፣ ምድጃ አጠገብ መተኛት ትወዳለች፣ ነጎድጓድ ትፈራለች።

ወጪ እንዳለው አልክድም። ያረጀች ድመት ጥርሷ ወይም ኩላሊቷ ሊታመም ይችላል። ሰጪው ቤተሰብ ለሕክምናዋ ቢያግዝ ተገቢ ነው። ነገር ግን ብዙ ድመቶች 15 ዓመትና ከዚያም በላይ ይኖራሉ፤ በ11 ዓመቷ ገና ብዙ ዕድሜ ሊቀራት ይችላል።

የጭነት መኪናው በር ላይ ከቆመ በኋላ ግን የሚወስዳት ሰው አይገኝም። ለራሳችን ቤት ስንፈልግ ለእሷም አብረን እንፈልግላት። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቷን እናስከትባት፤ ዓመሏን ሳንደብቅ እንንገር። ተቀባዩም በመጀመሪያዎቹ ቀናት አንድ ክፍል ይስጣት፤ ሁለት ሦስት ሳምንት ወደ ውጭ አይልቀቃት። አለበለዚያ እግሯ ወደ ድሮው ደፍ ይመልሳታል፤ እዚያ ደግሞ የሚከፍትላት የለም።

እማማ ቅዳሜ ቅዳሜ ይደውላሉ። ጤናዬን ከጠየቁ በኋላ «ነጠላዬ ላይ ተኝታለች?» ይላሉ። ተኝታለች። ድመታችሁን ለሰው የምትሰጡ ሁሉ፣ እባካችሁ ከነነጠላዋ ስጧት።