«ዋረር» ለማለት ስንት ይከፈላል?

በጥቂት ወር ውስጥ «እንደ አሜሪካዊ» እናናግራችኋለን የሚል ማስታወቂያ ያልተለጠፈበት የአዲስ አበባ ምሰሶ ማግኘት እየከበደ ነው። ቲክቶክ ላይማ ገበያው ደርቷል። አንዱ ካሜራ ፊት ቆሞ «ዋተር አትበሉ፣ ዋረር በሉ» ይላል፤ ሌላዋ «ጎይንግ ቱ» ማለት ፋራነት ነው፣ «ጎና» በሉ ትላለች። ተማሪውም ይደግማል። ትርፉ ምንድን ነው? «ዋረር» እያለ፣ «ዲተርሚን» መባል ያለበትን ቃል ግን ዛሬም «ዲተርማይን» የሚል ወጣት ነው።

ይህ ልምምድ ሳይሆን ጌጥ ነው። የባዕድ ቋንቋ የሚማር ሰው አፉን የሚያለማምደው የሚሰማው ሰው እንዲረዳው ነበር። እኛ ዘንድ ግን አገሩን ለመደበቅ ሆኗል።

ባለመግባባት ሰው የሚሞትበትን ሥራ እንይ። ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት፣ ኢካኦ፣ ለአብራሪዎችና ለበረራ ተቆጣጣሪዎች ያወጣው የቋንቋ መመዘኛ 6 ደረጃዎች አሉት። ለዓለም አቀፍ በረራ የሚጠየቀው 4ኛው ነው። በዚህ ደረጃ ያለ ሰው አነጋገር የአፍ መፍቻ ቋንቋው ተጽዕኖ እንዳለበት መመዘኛው ራሱ ይቀበላል፤ የሚለው፣ ይህ መግባባትን የሚያውከው አልፎ አልፎ ብቻ ይሁን ነው። በመጨረሻው በ6ኛው ደረጃ እንኳ የአፍ መፍቻ ቋንቋ ለዛ ሊኖር እንደሚችል ተጽፏል። የበለጠ የሚገርመው የቁጥሮቹ ነገር ነው። በሚንሿሿ ሬዲዮ ውስጥ በግልጽ እንዲሰማ ተብሎ የኢካኦ ደንብ ሦስትን «ትሪ»፣ አምስትን «ፋይፍ»፣ ዘጠኝን «ናይነር» በሉ ይላል። ምላሱን በጥርሱ መሀል አላወጣም ተብሎ ክፍል ውስጥ የተሳቀበት ያ ልጅ ኮክፒት ቢገባ ትክክለኛው እሱ ነበር ማለት ነው።

ጉዳዩ የአብራሪዎች ብቻ አይደለም። መንሮና ደርዊንግ የተባሉ ሁለት የካናዳ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1995 ባሳተሙት ጥናት እንግሊዝኛ አፍ መፍቻቸው የሆነ አድማጮች የባዕድ ሰዎችን ንግግር ሰምተው እንዲጽፉ አደረጉ። አድማጮቹ «አክሰንቱ ከባድ ነው» ያሉትን ንግግር ብዙ ጊዜ ቃል በቃል በትክክል ጽፈውት ተገኙ። ጠንካራ አክሰንትና አለመግባባት አንድ አይደሉም።

ታዲያ የሚያደናቅፈን ምንድን ነው? ከሁሉ በፊት አረጋገጡ ነው። አማርኛ ክፍለ ቃላቱን ከሞላ ጎደል እኩል ይረግጣል፤ «ገና» እና «ገና»ን የምንለየው በማጥበቅና በማላላት ነው። እንግሊዝኛ ግን አንዱን ክፍለ ቃል ይጫናል፣ ሌላውን ይውጣል። «ፎቶግራፍ» ሲል ጫናው መጀመሪያው ላይ ነው፤ ባለሙያውን ሲጠራ ግን ጫናው ወደ ሁለተኛው ይሸሽና የመጀመሪያው «ፈ» ሆኖ ይደበዝዛል። ሁሉንም እኩል ስንረግጥ ሰሚው የቱን ቃል እንዳልን ፍለጋ ይገባል፤ እስኪያገኘው እኛ ሌላ ዓረፍተ ነገር ላይ ነን።

ከዚህም የባሰ አለ። «እችላለሁ» ለማለት የፈለገ የእኛ ሰው «አይ ካን ካም» ሲል «ካን»ን አጥብቆ ይረግጣታል። አሜሪካዊው ግን አዎንታውን ሲናገር «ክን» ብሎ ይውጣታል፤ የሚረግጣት በአሉታው ነው፣ የመጨረሻዋን «ት»ም ብዙ ጊዜ አያሰማትም። ስለዚህ «እመጣለሁ» ያልነው «አልመጣም» ሆኖ ይሰማል። 13 እና 30ም እንዲሁ ናቸው። ዋጋ ስትናገሩ የመጀመሪያውን ክፍል ረግጣችሁ የመጨረሻዋን «ን» ከዋጣችኋት፣ 13 ያላችሁት 30 ሆኖ ያርፈዋል። በአንድ ትንፋሽ «ወርክት» መባል ያለበትንም «ዎርኪድ» እያልን አንድ ክፍለ ቃል እንጨምርበታለን። አሜሪካዊ አክሰንት የሚሸጡልን ሰዎች ስለ እነዚህ ሲያስተምሩ አላየሁም። «ዋረር» ቀላል ነው፣ ደግሞም ያምራል።

ገበያውን የፈጠረው ግን ትምህርት ቤቱ ነው። የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እንግሊዝኛን ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርት፣ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ደግሞ ማስተማሪያ ቋንቋ አደረገው። ይህን ሁሉ ዓመት የተማረው ልጅ በ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና እንግሊዝኛውን የሚያሳየው ፊደል በመምረጥ ነው። ከአፉ አንዲት ቃል አትጠየቅም። የማይፈተነውን ማን ያስተምራል? በተተወው ሜዳ ላይ ባለ ቲክቶኩ ድንኳኑን ተከለ።

ወላጆች ሞኞች አይደሉም፤ አውቃለሁ። አሜሪካዊ አክሰንት ያለው ልጅ በቃለ መጠይቅ ይመረጣል፣ ዋሽንግተንና ዳላስ ያሉ ወገኖቻችንም በአነጋገራቸው ተንቀው ያውቃሉ። ንቀቱ ግን የናቂው ጥፋት ነው፤ በ«ጎና» አይድንም። ደግሞስ አዲስ አበባ ውስጥ እንግሊዝኛ የምናወራው ከማን ጋር ነው? ከናይጄሪያዊ ዲፕሎማት፣ ከኬንያዊ ባለሙያ፣ ከቻይናዊ ኮንትራክተር፣ ከቱርካዊ ነጋዴ ጋር ነው። ኮፊ አናን እ.ኤ.አ. ከ1997 እስከ 2006 የተባበሩት መንግሥታትን ሲመሩ ጋናዊ ድምፃቸውን አልደበቁም፤ ዓለምም ሰማቸው።

የእኛው ሳቅ ግን ያሳፍራል። ፈረንጅ መድረክ ላይ ወጥቶ «ተና ይስተልኝ» ሲል አዳራሹ በጭብጨባ ይናወጣል፤ «ጠ»ን መጥራት አለመቻሉ ያስወድደዋል። የራሳችን ሹም ወይም አትሌት በቴሌቪዥን እንግሊዝኛ ሲናገር ግን ቪዲዮው ተቆርጦ ለሳምንት መሳለቂያ ይሆናል። በዚህ ሳቅ ያደገ ልጅ ክፍል ውስጥ እጁን አያወጣም፤ ያልተናገረ አፍ ደግሞ ምንም አይለማመድም።

ለስፒኪንግ ኮርስ ልትከፍሉ ከሆነ መምህሩን አንድ ነገር ጠይቁት፦ መዝገበ ቃላት ገልጦ የትኛው ክፍለ ቃል እንደሚረገጥ የምታመለክተዋን ትንሿን ጭረት ያሳያችሁ። ካላወቃት ገንዘባችሁን ይዛችሁ ውጡ።