«ወረቀቱ የታለ?»

ታናሽ እህቴ በጉና ሥር፣ በክምር ድንጋይ ከተማ መምህርት ናት። የመጀመሪያ ልጇን የዛሬ ሦስት ዓመት አዲስ አበባ እኔ ዘንድ መጥታ ነው የወለደችው። ልጁ በመቀመጫው ስለመጣ በኦፕራሲዮን ተገላገለች። አሁን ሁለተኛዋን ፀንሳለች። ባለፈው ደውላ፣ «እትዬ፣ ይኼኛውን በምጥ መውለድ ነው የምፈልገው፤ እሺ የሚለኝ ሐኪም አፈላልጊልኝ» አለችኝ።

አልደብቃችሁም፣ ተቆጣሁ። አንዴ በኦፕራሲዮን የወለደች ሁልጊዜም በኦፕራሲዮን ትወልዳለች የሚለው እኛ ቤት እንደ ሕግ ነው። አንድ የማውቃቸው ሐኪም ዘንድም ደወልኩ። ካርዷን ሳያዩ፣ መጀመሪያ ለምን በኦፕራሲዮን እንደወለደች እንኳ ሳይጠይቁ «አይሞከርም» አሉኝ።

ይህ አባባል ዕድሜው ከመቶ ዓመት በላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1916 ክሬገን የተባለ የኒውዮርክ ሐኪም ከጻፈው የመጣ ነው። በዚያ ዘመን ማህፀን የሚከፈተው በምጥ ጊዜ አጥብቆ በሚኮማተረው በላይኛው ክፍሉ፣ ከላይ ወደ ታች ተቆርጦ ነበር። እንዲህ ያለው ጠባሳ በምጥ ሊተረተር ስለሚችል ዛሬም አይሞከርም። አሁን ግን አብዛኛው ኦፕራሲዮን የሚሠራው በታችኛው ስስ ክፍል ላይ፣ በአግድም ነው። አንድ ጊዜ ብቻ እንዲህ ተሠርቶላቸው በምጥ ለመውለድ ከሚሞክሩ 100 እናቶች ከ60 እስከ 80 ለሚሆኑት ይሳካላቸዋል። ማህፀናቸው የሚተረተር ከ100 አንድ አይሞሉም። አንድ አይሞሉም ማለት ግን የሉም ማለት አይደለም፤ ያ ነገር ከደረሰ እናቲቱንም ልጁንም ለማትረፍ የሚቀረው ጊዜ በደቂቃ የሚቆጠር ነው።

ታዲያ ደግሞ መቀደዱ ምን ችግር አለው? እኔም ያልኳት ይህንኑ ነበር። እህቴ አራት ልጅ ነው የምትፈልገው። ኦፕራሲዮን በተደጋገመ ቁጥር እንግዴ ልጁ በጠባሳው ላይ ተጣብቆ አልላቀቅ የማለቱ፣ ደም የመፍሰሱም አደጋ ይጨምራል። ለአንድ ልጅ ብቻ ቢሆን ኖሮ ክርክሩ ሌላ ነበር።

ሐኪሞች የሚፈሩበትም ምክንያት አላቸው። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ በአገር ደረጃ በኦፕራሲዮን የሚወለዱት ከ100 ሁለት ያህሉ ነበሩ፤ አዲስ አበባ ላይ ግን 21። እኛ «ኦፕራሲዮን በዛ» ስንል ደጋ ላይ ያለችው እናት የመጀመሪያውንም አላገኘችም። ቤቷ ለቀናት አምጣ፣ ማህፀኗ ተተርትሮ በቃሬዛ የመጣች እናት ያየ ሐኪም ቢጠነቀቅ አልፈርድበትም።

እህቴ ደብረ ታቦር ወርዳ አንዲት የማህፀንና ፅንስ ሐኪም ዘንድ ገባች። ዶክተሯ «እሺ»ም «እምቢ»ም አላለቻትም። «ወረቀቱ የታለ?» ብቻ ነው ያለቻት። የሆድ ቆዳ ላይ ያለው ጠባሳ አግድም ስለሆነ ማህፀኑም በአግድም ተቆርጧል ማለት አይደለም። ይህን ቁርጥ አድርጎ የሚናገረው የቀዶ ጥገናው ማስታወሻ ነው። እህቴ የነበራት የሂሳብ ደረሰኝ ነው። ደረሰኙ እስከ ጓንቱ ድረስ ተዘርዝሯል፤ ማህፀኗ እንዴት እንደተከፈተ ግን አንድ መስመር አልተጻፈበትም።

ስለዚህ ሐኪም ፍለጋው ቀርቶ ወረቀት ፍለጋ ሆነ። ካርድ ክፍል አራት ቀን ተመላለስኩ። አንዱ ቀን የካርድ ቁጥር የለሽም ተባልኩ፣ አንዱ ቀን ደግሞ ኃላፊው ስብሰባ ነበሩ። በአራተኛው ኮፒውን ይዤ ወጣሁ፤ በታችኛው ክፍል፣ በአግድም፣ ምክንያቱ በመቀመጫ መምጣት። በኦፕራሲዮን የወለዳችሁ ወይም ልትወልዱ ያላችሁ፣ ከሆስፒታል ሳትወጡ ይህን ወረቀት ጠይቁ። ሦስት ዓመት ቆይቶ መፈለግ ምን እንደሚመስል እኔ አይቻለሁ።

ዶክተሯ ወረቀቱን ካየች በኋላ «እንሞክራለን» አለች፤ ቀጥላም መቼ እንደምታቆም ተናገረች። እኔን ያሳመነኝ ይህ ነው። ምጡ ባለበት ከቆመ፣ የልጁ የልብ ምት ከወረደ፣ ደም ከታየ፣ ወይም ምጡ ጋብ ሲል ሕመሙ ጋብ ካላለ ወዲያው ኦፕራሲዮን ነው። ቀኗ ቢያልፍ ምጥ ለማምጣት ሚሶፕሮስቶል አይሰጣትም፤ ጠባሳ ላለው ማህፀን አደገኛ ነው። ማደንዘዣ ሰጪና ደም በሌለበት ሌሊትም አይሞከርም። «እርስዎ ባይኖሩስ?» ብላ ጠየቀቻት እህቴ። «ተረኛ የሆነው ሁሉ እንዲያየው ካርድሽ ላይ እጽፈዋለሁ» አለቻት።

ቀሪው የእኛ ድርሻ ነበር፤ ከባዱም እሱ ሆነ። እናታችን ሰባቱንም የወለደችን ቤት ውስጥ፣ ጎረቤት «ማርያም ማርያም» እያለላት ነው። «ምጡ ሳይጠና ሆስፒታል ምን ትሠራለች? ተልባዋን እየጠጣች እዚሁ ትቆይ» አለች። ለማስረዳት ሁለት ቀን ፈጀብን። ከደብረ ታቦር ባሕር ዳር መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ የተተረተረ ማህፀን ያን መንገድ አይጠብቅም፣ ያውም መንገዱ ክፍት በሆነ ቀን። ከክምር ድንጋይ በሌሊት መኪና ማግኘትም ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። በመጨረሻ እናቴ አሳብ አገኘች፤ ደብረ ታቦር አክስታችን ቤት አብራት ልትሰነብት። ከዚያ ሆስፒታሉ በባጃጅ አሥር ደቂቃ አይሞላም። የገንፎው ዱቄትና ቅቤውም አብሮ ተጭኗል።

ይህን ስጽፍ 38ኛ ሳምንቷን ይዛለች። ትናንት ደውላ ዶክተሯ ከሰኞ ጀምሮ የዓመት ፈቃድ እንደወጣች ነገረችኝ። ልቤ ዱብ አለ። እሷ ግን ማልዳ ሄዳ ተረኛውን ሐኪም ተዋውቃዋለች። ወጣት ነው አለችኝ። ካርዷን አነበበና ቀና ብሎ፣ «ወረቀቱስ የታለ?» አላት።

በፌስታል ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ይዛው ነበር።