ለዩጋንዳ ጤና ሚኒስቴር፦ የተዘጋው በር በማን ፊርማ ተከፈተ?

ለዩጋንዳ ሪፐብሊክ ጤና ሚኒስቴር
ካምፓላ

ጉዳዩ፦ በጂንጃ ከተማ ስለሞቱት 105 ሕፃናት

ሚኒስቴሩ የነገሩን አመጣጥ ከማንም በላይ ስለሚያውቅ ታሪኩን ከሥር ከመሠረቱ መተረክ አያስፈልግም። ነጭ ዓባይ ከቪክቶሪያ ሐይቅ በሚወጣባት በጂንጃ፣ ማሴሴ በተባለው ሠፈር፣ «ሰርቪንግ ሂዝ ችልድረን» የተሰኘው ክርስቲያናዊ ድርጅት ከ2010 እስከ 2015 ድረስ (ዘመኑ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው) በምግብ እጥረት ክፉኛ የተጎዱ 940 ሕፃናትን ተቀበለ። 105ቱ ሞቱ። ድርጅቱን ያቋቋመችው ከአሜሪካ ቨርጂኒያ ግዛት በወጣትነቷ የመጣችው ሬኔ ባክ ስትሆን፣ የሕክምና ትምህርት አልነበራትም። በ2015 የወረዳው የጤና ኃላፊ ተቋሙን ዘጉት፤ የሥራ ፈቃዱ ጊዜው አልፎበት ነበር።

ይህን ደብዳቤ ያስጻፈው ግን ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። በጂንጃ የተዘጋው ድርጅት በኋላ በጎረቤት ማዩጌ ወረዳ፣ ኪጋንዳሎ በሚገኘው የመንግሥት ጤና ጣቢያ ውስጥ ሥራውን ቀጠለ። በመንግሥት ጣሪያ ሥር፣ በመንግሥት አልጋ ላይ! ሚኒስቴሩ ይቅርታ ያድርግና፣ ይህን የፈቀደው ማን ነው? ፊርማው የማን ነው? ከመፈቀዱ በፊት የሟቾቹን መዝገብ አንድ በአንድ ያገላበጠ ባለሙያ ነበር ወይ? ከተዘጋ ሦስት ዓመት ካለፈው በኋላ፣ በ2018፣ አንዲት እናት በድርጅቱ እንክብካቤ ሥር የነበረ ልጇን ቀብራለች። በጃንዋሪ 2019 ጂንጃ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ከቀረቡት ሁለት እናቶች አንዷ እሷ ናት። የሌላዋ ልጅ የሞተው በ2013 ነበር።

ሁለቱ እናቶች በክሳቸው እንደገለጹት፣ ወጣቷን ነጭ ጋዋን ለብሳ፣ የልብ ማዳመጫ አንጠልጥላ ሲያዩ ሐኪም መስላቸው ነበር። ሬኔ ባክ ክሱን አስተባብላለች፤ ሥራውን ይሠሩ የነበሩት የቀጠረቻቸው ነርሶች መሆናቸውን ተናግራለች። ይሁን እንጂ ራሷ በ2011 በኢንተርኔት ማስታወሻዋ ላይ ስለ አንዲት ሕፃን ስትጽፍ ኦክስጅን እንደሰካች፣ ጉሉኮስ እንደተከለች፣ የደም ስኳር እንደለካች፣ ወባ እንደመረመረች በገዛ እጇ አስፍራለች። ያ ጽሑፍ በአደባባይ ወጥቶ ዓለም ሲያነበው ተቋሙ ሊዘጋ ገና ዓመታት ይቀሩት ነበር።

ነገሩ ለምን እንዲህ እንደሚከብድ ሚኒስቴሩ ቢያውቀውም፣ ይህን ደብዳቤ የሚያነበው ሕዝብም ሊያውቀው ይገባል። በረሃብ የከሳ ወይም እግሩና ፊቱ ያበጠ ሕፃን ተርቦ የመጣ ጤነኛ ልጅ አይደለም። ልቡ ደክሟል፤ ኩላሊቱ ጨውና ውኃ ማስወገድ አቅቶታል። ለሌላ ሕፃን ነፍስ የሚያድነው ጉሉኮስ ለዚህኛው በሰዓታት ውስጥ ልቡን ሊያቆመው ስለሚችል፣ የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ሕፃኑ ራሱን ካልሳተና ሾክ በሚባለው የደም ዝውውር መዳከም ውስጥ ካልገባ በስተቀር በደም ሥር ፈሳሽ አይሰጠው ይላል። ደምም ቢሆን የሚሰጠው በጣም ሲያስፈልግ ብቻ፣ ቀስ ብሎ፣ የልብ ምቱና ትንፋሹ እየተቆጠረ ነው። ምግቡ ኤፍ 75 የሚባለው ወተት ነው፤ በጥቂት በጥቂቱ፣ በየሁለትና በየሦስት ሰዓቱ፣ ሌሊቱንም ጭምር። ሕፃኑ ተርቧል ብሎ አብዝቶ ማጉረስ ራሱ ይገድላል። እንዲህ ያለውን ሥራ ለመሥራት ደግነት አይበቃም። ጸሎትም ሙያን አይተካም፤ ይህን የሚሉት ደግሞ አማኝ ሐኪሞች ራሳቸው ናቸው።

ለድርጅቱ የቆሙ ሰዎች አንድ መከራከሪያ አላቸው። ከመቶ አሥራ አንድ ሕፃን መሞቱ በአካባቢው ሆስፒታሎች ከሚታየው የተለየ አይደለም ይላሉ። መከራከሪያው የሚኒስቴሩ ባለሥልጣናት ጆሮ ሳይደርስ አልቀረም፤ ምናልባትም ጥሟቸው ይሆናል። ነገር ግን ንጽጽሩ ራሱ ሚኒስቴሩን ይከሳል። የጂንጃ ሪፈራል ሆስፒታል የሕፃናት ክፍል፣ ናሉፌንያ፣ እዚያው ከተማ ውስጥ ነው። ያ ሆስፒታል ወተት፣ መድኃኒትና ሠራተኛ ተሟልቶለት ቢሆን ኖሮ እናቶች ልጃቸውን አዝለው ወደ ሌላ በር ለምን ያንኳኳሉ? በሐኪም እጅ የሞተ ሕፃንስ ቢያንስ በምን እንደሞተ የሚጠየቅ ሐኪም አለ።

ጥያቄው በሃይማኖት ላይ የተነሣ እንዳይመስል፣ ከጂንጃ ወደ ምሥራቅ ኤምባሌ ከተማ መሄድ ብቻ ይበቃል። እዚያ ያለው የኪዩር የሕፃናት ሆስፒታልም የክርስቲያን ተልዕኮ ሥራ ነው፤ የሚያክመውም በአንጎላቸው ውስጥ ውኃ የተጠራቀመባቸውንና ከአከርካሪ ጉድለት ጋር የተወለዱትን፣ መንደር ውስጥ እንደ እርግማን የሚታዩትን ሕፃናት ነው። ዶክተር ቤንጃሚን ዋርፍ የተባሉ የአንጎል ቀዶ ሐኪም እዚያ ተቀምጠው፣ ውኃውን የሚያፈስሰውንና ዕድሜ ልክ ክትትል የሚጠይቀውን ቱቦ የሚያስቀር የቀዶ ሕክምና ዘዴ አዳበሩ። ዘዴው በዚያው ሆስፒታል በ100 ሕፃናት ላይ ተፈትኖ ውጤቱ በ2017 ታላቅ በሆነ የሕክምና መጽሔት ታትሟል። ሥራቸውን በቁጥር መዝግበው ለዓለም ሐኪሞች ዳኝነት አቀረቡ። ኤምባሌም ጂንጃም የሚገኙት በአንድ አገር፣ በአንድ ሚኒስቴር ሥር ነው። ሚኒስቴሩ ኤምባሌን እያየ ጂንጃን ጆሮ ዳባ ልበስ ያለበት ምክንያት ለማንም ግልጽ አይደለም።

ከኢትዮጵያም የሚጠቀስ አለ። በምግብ እጥረት የተጎዱ ሕፃናትን ከእናታቸው ሳይነጥሉ በቤታቸው ማከም መጀመሪያ ከተሞከረባቸው ቦታዎች አንዱ፣ በ2000 ገደማ፣ ሀዲያ ነው። ዛሬ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ የሕፃኑን ክንድ በባለቀለም መለኪያ ትለካለች፤ ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ሆኖ ቀዩ ላይ ካረፈና ሌላ ሕመም ከሌለበት፣ እናቱ ፕላምፒ ነት የተባለውን አልሚ ምግብ ይዛ ወደ ቤቷ ትመለሳለች፤ ሕመም የተጨመረበት ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ሆስፒታል ይላካል። ልጁ እናት አለው፤ እናቱም ከአጠገቡ አትለይም። የጂንጃዎቹም እናት ነበራቸው። የወላጅ አልባ ሕፃናት ፎቶግራፍ ገንዘብ በሚያመጣበት ዓለም ይህ በቀላሉ ይረሳል።

ክሱ በጁላይ 2020 በስምምነት ተቋጨ። ለሁለቱ እናቶች ለእያንዳንዳቸው 35 ሚሊዮን የዩጋንዳ ሽልንግ፣ ማለትም ወደ 9,500 ዶላር ተከፈለ፤ ተከሳሾቹ ጥፋት አላመኑም። ማን ምን እንዳደረገ ፍርድ ቤት ሳይበይን ፋይሉ ተዘጋ። እናቶቹ የሚገባቸውን ወስደዋል፤ ማንም አይነቅፋቸውም። ሚኒስቴሩ ግን ስምምነቱን የራሱ ዕዳ መሰረዣ ሊያደርገው አይችልም።

ስለዚህ ሚኒስቴሩ በኪጋንዳሎ ጤና ጣቢያ ለድርጅቱ የተሰጠውን ፈቃድ ከነፈራሚው ለሕዝብ ይፋ እንዲያደርግ በአክብሮት ይጠየቃል። የ105ቱን ሕፃናት መዝገብ ነጻ የሕፃናት ሐኪሞች እንዲመረምሩት፣ ለእያንዳንዷም እናት ልጇ በምን እንደሞተ በምትናገረው ቋንቋ እንዲነገራት ይጠየቃል። በዚህም አይበቃም። በዩጋንዳ ገጠር ሕፃናትን ሰብስቦ የሚያኖርም ሆነ የሚያክም የውጭ ድርጅት ሁሉ ኃላፊ ባለሙያውን ከነፈቃድ ቁጥሩ በበሩ ላይ ይለጥፍ። በጎብኚ ቪዛ የገባ በጎ ፈቃደኛ የሕፃን ደም ሥር እንዳይነካ በሕግ ይከልከል። በአንድ ወረዳ የተዘጋ ድርጅት በሌላው እንዳይከፈት የወረዳዎቹ መዝገብ ይገናኝ፤ አዲስ አበባና ናይሮቢ ያሉ አቻ መሥሪያ ቤቶችም መዝገቡን ይጋሩ፤ ድንበር ተሻግሮ ስም መቀየር ቀላል ነውና። ናሉፌንያም በጀት ይመደብለት።

የደብዳቤው ግልባጭ ለአብያተ ክርስቲያናት ነው፤ ለአሜሪካዎቹ፣ እንዲሁም በአዲስ አበባ፣ በዋሽንግተንና በአውሮፓ ላሉ የሐበሻ ጉባኤዎች። ለሕፃናት ማሳደጊያ መባ የሚሰበስብ ሽማግሌ፣ ገንዘቡን ከመላኩ በፊት ስልክ ደውሎ ሁለት ነገር ይጠይቅ፦ ሕፃናቱን የሚያክመው ሰው የሙያ ፈቃድ አለው ወይ? ባለፈው ዓመት ስንት ሕፃናት ሞቱ? መልስ ካላገኘ ገንዘቡን አይላክ።