ዐቃቤ ሕግ የጻፈልን የመጽሔቶቻችን ታሪክ

ስለ ኢትዮጵያ ነፃ ፕሬስ በስደት የሚጻፈውን ያነበበ ሰው አንድ ነገር ሳያስተውል አይቀርም። ጸሐፊዎቻችን የየመጽሔቱን ስም በፍቅር ይጠራሉ፤ ሽፋኑን ያስታውሳሉ፤ ስንቱ እንደ ታሰረ፣ ስንቱ እንደ ተሰደደ ይተርካሉ። መጽሔቱ የማን እንደ ነበረ ግን አይናገሩም። ገንዘቡን ማን አወጣ? ፈቃዱ በማን ስም ወጣ? በየትኛው ማተሚያ ቤት፣ በስንት ቅጂ ታተመ? ሲዘጋስ ስሙና ንብረቱ ለማን ቀረ? ይህን የሚጠይቅ ሰው ሲገኝ እንደ ነገር ፈላጊ፣ ከባሰም እንደ ሰላይ ይታያል። እኔ ግን የምለው፣ ይህን ጥያቄ በመናቃችን የኅትመት ታሪካችንን ለከሳሾቻችን አስረክበናል ነው።

ይህን የምጽፈው ዱርንፎንቴን ተቀምጬ ነው። ከጂፒ (መንገዱ ዛሬ በራሂማ ሙሳ ስም ቢጠራም በእኛ ዘንድ ያው ጂፒ ነው) ወደ ምሥራቅ ጥቂት በእግር ተሂዶ የሚደረስበት ሰፈር ነው። በአንድ ወቅት የጆሐንስበርግ የወርቅ ባለጸጎች መኖሪያ ነበረ፤ ኋላ ከምሥራቅ አውሮፓ የፈለሱ አይሁዶች ሰፈሩበት፤ አሁን መጋዘንና የእጅ ሥራ ቤት ሞልቶበታል። አይሁዶቹ ከሄዱ ቆይተዋል። በአንበሶች ሐውልት የሚታወቀው ምኩራባቸው ግን ዛሬም አለ፤ መቼ ተሠራ ብሎ የጠየቀ ሰው በ1906 እ.ኤ.አ. የሚል መልስ ያገኛል። ከእነርሱ ጎን የተጠጋነው እኛ፣ ትናንት ያነበብነውን መጽሔት ማን እንዳሳተመው ብንጠየቅ መልስ የለንም።

ኬንያን፣ ታንዛኒያን፣ ማላዊንና ሞዛምቢክን በየብስ አቋርጦ እዚህ የደረሰ ወገን መጽሔት ተሸክሞ አልመጣም። መጽሔቶቹ የደረሱን ቆይተው ነው፤ በአውሮፕላን በሚመጣ ዘመድ ሻንጣ ውስጥ፣ በልብስና በበርበሬ መካከል ታጥፈው። ከዚያ በፎቶ ኮፒ ተባዙ፤ ተጠረዙ፤ ከእጅ ወደ እጅ ተሸጡ። በእኔ ዘንድ ካሉት እንዲህ ያሉ ጥራዞች የሚበዙት ከርዕሰ አንቀጹ ይጀምራሉ። ሽፋኑ አለ፤ የአሳታሚው፣ የዋና አዘጋጁና የማተሚያ ቤቱ ስም ከፖስታ ሳጥን ቁጥር ጋር የሰፈረባት ጠባብ ሳጥን ያለችበት ገጽ ግን የለም። ማስታወቂያዎቹም ወረቀት ለመቆጠብ ሲባል ወጥተዋል። ከጠራዦቹ አንዱን ለምን እንዲህ እንደሚያደርግ ብጠይቀው፣ «ጋሼ፣ እሱን ደግሞ ማን ያነበዋል?» አለኝ። በልጁ አልፈርድም። እርሱ የሠራው ምሁራኖቻችን በመጻሕፍቶቻቸው የሠሩትን ነው፤ ልዩነቱ እርሱ በመቀስ መሥራቱ ብቻ ነው።

ያችን ሳጥን ማንበብ ለሚያውቅ ሰው ከርዕሰ አንቀጹ ይልቅ ብዙ ትናገራለች። በሁለት ተከታታይ ወራት የዋና አዘጋጁ ስም ተለውጦ ከሆነ አንድ ሰው ታስሯል፣ ወይም ሸሽቷል፣ ወይም ከባለቤቱ ጋር ተጣልቷል። የማተሚያ ቤቱ ስም ከተለወጠ ወይ ዕዳ አለ፣ ወይ አላትምም ተብሏል። በሁለት መጽሔቶች ላይ አንድ የፖስታ ሳጥን ቁጥር ከተገኘ፣ በገበያ ላይ ተፎካካሪ የመሰሉት ሁለቱ የአንድ ሰው ንብረት ሊሆኑ ይችላሉ። የሽያጩ ዋጋ በዓመት ውስጥ ሲጨምር የወረቀት ገበያው ይነበብበታል። ማስታወቂያውም እንዲሁ ነው፤ የትኛው ነጋዴ ደፍሮ ገንዘቡን እንደ ሰጠ፣ የትኛው በየትኛው ወር እንደ ፈራና እንደ ጠፋ ከዚያ ይታያል። ይህን ሁሉ ቆርጠን ጥለን ነው «የነፃው ፕሬስ ወርቃማ ዘመን» እያልን የምናለቅሰው።

የሚያሳፍረው፣ ስለ ሩቁ ዘመን የተሻለ ማወቃችን ነው። በዐፄ ምኒልክ ዘመን በእጅ እየተጻፈ በሃያ አራት ቅጂ ይሠራጭ የነበረው አእምሮ በግሪካዊው ነጋዴ በአንድሬያስ ካቫዲያስ አዘጋጅነት መጀመሩን ትምህርት ቤት ያልገባ አንባቢ ሳይቀር ሰምቷል። ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት በ1914 ዓ.ም. በራስ ተፈሪ መቋቋሙን፣ ስሙን የወሰደው ጋዜጣ በ1917 መጀመሩን፣ አዲስ ዘመን ከድል በኋላ ግንቦት 30 ቀን 1933 መውጣቱን እናውቃለን። ባለቤቱ ዙፋኑ ወይም መንግሥት ስለ ነበረ ምርምር አላስፈለገውም። ለሃያ አራት ቅጂ ጋዜጣ ያቆየነውን መረጃ በብዙ ሺሕ ቅጂ ለታተመ መጽሔት ማቆየት አቃተን።

የግል መጽሔት በብዛት የወጣው ከ1985 ዓ.ም. የፕሬስ ነፃነት አዋጅ፣ ከቁጥር 34/1985 ወዲህ ነው። አዋጁ ቅድመ ምርመራን አስቀረ፤ በዚያው እጁ ግን አሳታሚውም አዘጋጁም በይዘቱ የሚጠየቁበትን ሥርዓት ተከለ። ስም መጻፍ ግዴታ ሆነ፤ የተጻፈው ስም ደግሞ የሚታሰረው ሰው ስም ነበረ። ከዚህ የተወለደውን ነገር በዘመኑ በሥራው ላይ የነበሩ ሁሉ ያውቁታል፤ ደፍረው የሚናገሩት ግን ጥቂቶች ናቸው። ገንዘብ ያለው ሰው ከበስተጀርባ ይቀመጣል፤ ሳጥኗ ውስጥ ገና ከትምህርት የወጣ ወጣት ስም ይገባል፤ ፖሊስ ሲመጣ የሚሄደው ወጣቱ ነው። ሁሉም አሳታሚ እንዲህ አደረገ አልልም። ከአዘጋጆቹ ጋር የታሰሩ፣ ቤታቸውን ሸጠው የወረቀት ዕዳ የከፈሉ ነበሩ። ታዲያ እነዚያን ከእነዚህ የምንለየው በምንድን ነው? የባለቤትነቱ ታሪክ ካልተጻፈ ቤቱን የሸጠውም፣ ልጅ አሳስሮ ያተረፈውም በአንድ ስም «የነፃው ፕሬስ አርበኛ» ይባላሉ፤ ተብለዋልም።

ጦቢያን እንውሰድ። በገጾቹ ላይ ስንሻው ተገኘና ጸጋዬ ገብረ መድኅን አርአያ የሚባሉ ሁለት ብርቱ ብዕሮች ነበሩ። አንባቢ ሁለት ሰዎች መስለውት ተከራክሮባቸዋል። ሁለቱም ጋዜጠኛ ሙሉጌታ ሉሌ ነበሩ፤ በ2008 ዓ.ም. አሜሪካ በስደት ሳሉ ያረፉት። ይህን የብዕር ስም ምስጢር ዛሬ ብዙ ሰው ያውቀዋል፤ ሰው ወዶ ያወራዋልና። የመጽሔቱ ቢሮ በጥር 1990 ዓ.ም. በእሳት መቃጠሉም ይነገራል። ከቃጠሎው በኋላ መጽሔቱ በምን ገንዘብ እንደ ቆመ፣ ኪሳራው በማን ትከሻ ላይ እንደ ወደቀ ግን የጻፈልን የለም።

መንግሥት ግን ጽፏል፤ ክሴ የሚነሳውም ከዚህ ነው። ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ፣ በ1998 መጀመሪያ ጋዜጠኞች በጅምላ ሲታሰሩ ዐቃቤ ሕግ ሰዎቹን ብቻ አልከሰሰም። አራት አሳታሚ ድርጅቶችን፣ ማለትም ሰርካለምን፣ ሲሳይን፣ ዘካርያስንና ፋሲልን፣ በየስማቸው ተከሳሽ አደረገ። እስክንድር ነጋና በእስር ቤት ሳለች ልጇን የወለደችው ሰርካለም ፋሲል ከተፈቱ በኋላ እንኳ ድርጅቶቹ አልተፈቱም። በ2002 ዓ.ም. ጠቅላይ ፍርድ ቤት የገንዘብ ቅጣቱን መልሶ ሲያጸና በሰርካለም አሳታሚ ላይ ብቻ 120 ሺሕ ብር ነበር። እንግዲህ አስተውሉ፤ አስኳል፣ ሚኒልክና ሳተናው የአንድ ቤት ልጆች መሆናቸውን አንድ ተመራማሪ ዛሬ ለማረጋገጥ ቢፈልግ ከማናችንም ጽሑፍ ይልቅ የክሱን መዝገብ ቢያነብ ይሻለዋል። የእኛ መጻሕፍት «ጀግኖቹ ጋዜጦች» ብለው ያልፋሉ።

በ2006 ዓ.ም. ማብቂያ ደግሞ አዲስ ጉዳይ፣ ፋክት፣ ሎሚ፣ ጃኖና እንቁ የተባሉት መጽሔቶች ከአፍሮ ታይምስ ጋዜጣ ጋር ተከሰሱ። በ2007 መጀመሪያ የሦስቱ መጽሔቶች ባለቤቶች በሌሉበት ከሦስት ዓመት በላይ እስራት ተፈረደባቸው። ባለቤት የሚለው ቃል ለታሪክ ጸሐፊዎቻችን ትርፍ ሲሆን ለፍርድ ቤቱ ዋና ነገር ነበር። ማተሚያ ቤቱም እንዲሁ ነው። ብርሃንና ሰላም የመንግሥት ነው፤ በ2004 ዓ.ም. ያልወደደውን ጽሑፍ አላትምም ለማለት የሚያስችለውን አንቀጽ በውሉ አስገባ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 30 ሺሕ ቅጂ የፍትሕ ጋዜጣ እዚያው ታግዶ ቀረ። ማተሚያ ቤቱ የማን እንደ ሆነ ሳይጠይቅ የዚህን ጋዜጣ አወዳደቅ ሊያስረዳ የሚችል ጸሐፊ የለም።

«ስም ማውጣት ሰው ማስያዝ ነው» የሚለውን መልስ ደጋግሜ ሰምቻለሁ። አገር ቤት ላለና ዛሬም ለሚጽፍ ሰው ይህ ስጋት እውነት ነው፤ አከብረዋለሁ። ግን የምንነጋገረው በሕግ ተገድዶ ስሙን በየቅጹ ስላተመ መጽሔት ነው። ፖሊስ ያነበበውን፣ ፈቃድ ሰጪው ያስመዘገበውን፣ ዳኛው የጠራውን ስም ከማን ነው የምንደብቀው? ከአንባቢው ብቻ። በባዶው ቦታ ደግሞ ሐሜት ይገባል። «የእገሌ መጽሔት በእነ እገሌ ገንዘብ ነበር የሚታተም» የሚለው ወሬ በጂፒ ምግብ ቤቶች ሰው ሲያጣላ አይቻለሁ። ወሬውን የሚያፈርስም የሚያጸናም ደረሰኝ ስለሌለ ጠቡ አያልቅም።

አጠገባችን ያለውን ሥራ እንኳ አላየንም። በዚሁ ከተማ ያደገው ድረም መጽሔት በ1951 እ.ኤ.አ. በኬፕ ታውን «አፍሪካን ድረም» ተብሎ ተጀመረ፤ የማዕድን ከበርቴ ልጅ በሆነው በጂም ቤይሊ እጅ ወደ ጆሐንስበርግ መጣ፤ በ1984 ለናሽናሌ ፐርስ ተሸጠ። ናሽናሌ ፐርስ ማለት የአፓርታይድን ገዢ ፓርቲ ሲደግፍ የኖረ የአፍሪካነሮች አሳታሚ ነው። ለጥቁር አንባቢ ድምፅ የነበረው መጽሔት ወደዚያ ቤት መግባቱ የሚያም ነገር ነው። የደቡብ አፍሪካ ጸሐፊዎች ግን አልሸሸጉትም፤ ጽፈውታል፤ የመጽሔቱ ርዕስ ወደ ገዢው ሲሄድ የፎቶግራፉ ማኅደር በቤይሊ ዘንድ መቅረቱን ሳይቀር ለይተው ጽፈዋል። ከዚህ ቀለል ያለ ምሳሌ የሚፈልግ ደግሞ ተራራ ወጪዎቹን ይይ። በ1891 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የደቡብ አፍሪካ የተራራ ክበብ፣ ገደል መውጣት ለሚወዱ ጥቂት ሰዎች የሚያሳትመውን ዓመታዊ መጽሔት ሲያቆይ ኖሯል፤ አሳታሚው ክበቡ፣ ከፋዩም አባሉ መሆኑ ግልጽ ነው። ለእረፍት ቀን መዝናኛ የተደረገውን እኛ ሰው ለታሰረበት ነገር አላደረግንም።

አገር ቤት ያሉት ተቋማት፣ በ1936 ዓ.ም. የተመሠረተው ወመዘክርም ሆነ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍት፣ የቻሉትን ያህል ቅጾቹን ሰብስበዋል። የባለቤቶቹ ሰነድ ግን እዚያ አይገኝም፤ የማተሚያ ቤት ደረሰኝ፣ የአከፋፋይ ሒሳብ፣ የሽርክና ውል፣ ለታሳሪ ቤተሰብ የተከፈለው ወይም ያልተከፈለው ደመወዝ ከሰዎቹ ጋር ተሰዷል። በዋሽንግተን፣ በናይሮቢና በጆሐንስበርግ ምድር ቤትና ቁም ሣጥን ውስጥ ነው ያለው። ሰዎቹ እያረጁ ነው፤ አንዳንዶቹ አልፈዋል፤ ልጆቻቸው አማርኛ የማያነቡ ናቸውና ቤት ሲቀይሩ ምን እንደሚጥሉ አያውቁም።

የደራሲው መብትም አለ፤ ለመሸጥ የሚያባዙት ወንድሞች ይህን ይስሙ። በ1996ቱ አዋጅ ቁጥር 410 መሠረት የደራሲ የኢኮኖሚ መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞቱ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠበቃል። በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ መጽሔት ላይ የጻፈ ሰው ወይም ወራሹ ዛሬም ባለመብት ነው። አሳታሚው በውል የገዛው ድርሻ ካለ ያም ሊታወቅ ይገባል። ለማን ይከፈል ለሚለው መልስ የሚሰጠው ተቆርጣ የተጣለችው ያች ሳጥን ናት።

ስለዚህ የምጠይቀው ይህን ነው። በስደት መጽሐፍ የምታሳትሙ፣ ስለ አንድ መጽሔት የሚጻፍላችሁን ድርሰት አሳታሚውን፣ አታሚውንና የሥራ ዘመኑን ሳይጠቅስ አትቀበሉ። አሳታሚ የነበራችሁ፣ የሽርክና ውላችሁንና የዕዳ ደብዳቤያችሁን ቅጂ አሁን፣ በሕይወት ሳላችሁ ለቤተ መጻሕፍት ስጡ፤ በስማችሁ ፈንታ የታሰረ ወጣት ካለም ስሙን ጻፉ። ጠራዦቹም ማስታወቂያውን ብትቆርጡ እንኳ የሽፋኑን ጀርባ አትጣሉ፤ አንድ ገጽ ፎቶ ኮፒ ዱርንፎንቴን ላይ ከሁለት ራንድ አይበልጥም።