የአጥር ወሰን የማያውቀው የቅጠል በሽታ



ሰሞኑን ለማኅበራችን ከቀረቡት አቤቱታዎች ሦስቱ የውኃ ወይም የመብራት ሳይሆኑ የቅጠል ናቸው። የብርቱካን ፍሬ ሸጣ የልጆችዋን ደብተርና ዩኒፎርም የምትገዛ አንዲት እናት፣ ፍሬው ገና በለጋነቱ እየረገፈ አለቀብኝ ብላ መጣች። ሁለተኛው አመልካች ለብርቱካኑ መታመም የጎረቤቱን ማንጎ ከሶ «ይቆረጥልኝ» አለ። ሦስተኛው ማንጎዬ ላይ ዱቄት ተነፋበት ባይ ነው። ባለ ማንጎውና ከሳሹ ሰላምታ እስከመተው ስለ ደረሱ ዝም ማለት አልተቻለም።

እንግዲህ ጉዳዩ እንዲህ ነው። በብርቱካንና በመንደሪን ቅጠል ላይ የሚወጣው ክብ ነጠብጣብ፣ መሐሉ ግራጫ ወይም ቡናማ፣ ዙሪያው ቢጫ ሆኖ ከታየ ሻጋታ የሚያመጣው በሽታ ነው። መጀመሪያ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1952 በአንጎላና በሞዛምቢክ ሲሆን ከዚያ ወዲህ ብዙ የአፍሪካ አገሮችን አዳርሶ እኛም ዘንድ ገብቷል። ብርቱካንን ክፉኛ ይጎዳል፣ ሎሚን ግን ብዙም አይደፍረውም። ዘሩ በዓይን አይታይም፤ ነፋስ ይወስደዋል፣ የዝናብ ጠብታ ያፈናጥረዋል፣ ሰውም በችግኝ ተሸክሞ ያደርሰዋል። ከሲቀላ ተነስቶ ሴቻ ለመውጣት የማንንም ፈቃድ አይጠይቅም። ሆኖም ይህ በሽታ የብርቱካን ዘመዶችን እንጂ ማንጎን አይዝም። ስለዚህ የተከሰሰው ማንጎ ቢቆረጥ ጥላው ይቀራል እንጂ ብርቱካኑ አይድንም።

ማንጎ የራሱ ሕመም አለው። ቅጠሉን ጥቁር ነጠብጣብ ያደርገዋል፣ አበባውን ያጠቁረዋል። ተንኮሉ ደግሞ ፍሬው ላይ ነው፤ ሲለቀም ደህና መስሎ ሲበስል ይጠቁራል። ነጋዴ አታለላችሁኝ የሚለን አንዳንዴ በዚሁ ነው። ነጭ ዱቄት የመሰለው ግን ቅጠሉ ላይ ተለጥፎ የሚመጥ ተባይ ነው። ወደ አገራችን መግባቱ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2010 በምሥራቅ ወለጋ ነው። የሻጋታ መድኃኒት አይነካውም።

እዚህ ላይ የራሴን ጥፋት ልናገር። ባለፈው ዓመት ብርቱካኔ ሲታመም የተባይ መርዝ ገዝቼ ሁለት ጊዜ ረጨሁ፤ ገንዘቤ ሄደ፣ ነጠብጣቡም አልሄደም። የረገፈውን ቅጠል ጠርጌ ቦይ ውስጥ ጣልኩት፤ ዝናብ መጥቶ በታች ላሉት ጎረቤቶች አደላልኝ። ምን ይባላል! ማኅበሩ ጸሐፊውን መቅጣት ቢፈልግ መብቱ ነው።

የነጠብጣብ በሽታ ጉልበቱ የረገፈው ቅጠልና ፍሬ ላይ ነው። እዚያው ዛፉ ሥር ይቆያል፣ ዝናብ ሲመጣ ወደ ለጋው ቅጠል ይመለሳል። ጎረቤት ሳያጸዳ አንድ ሰው ብቻውን ቢያጸዳ ድካሙ ከንቱ ነው። የወደቀው ሁሉ ተለቅሞ ጥልቅ ጉድጓድ ይቀበር፤ ለከብት መኝታ ወይም ለሌላ ግቢ አይሰጥ። የደረቀውና እርስ በርሱ የተጣበበው ቅርንጫፍ ይመልመል፣ ነፋስ ይግባበት፤ ገጀራው ከአንዱ ዛፍ ወደ ሌላው ሲሄድ ይታጠብ። ውኃ ከሥር ይጠጣ እንጂ ማታ ማታ በቅጠሉ ላይ አይርከፍከፍ። ከታመመ ግቢ ችግኝ አትቀበሉ፣ ዘመድም ቢሰጣችሁ።

መዳብ ያለበት የሻጋታ መድኃኒት አለ፤ ነገር ግን የታመመውን ቅጠል አያድንም፣ ጤነኛውን ይጠብቃል እንጂ። ስለዚህ ለጋ ቅጠል ሲያወጣ፣ በግብርና ባለሙያ ምክር ይረጫል። የወጥ ቤት ዕቃ ለመበጥበጫ አትጠቀሙ፣ ልጆችንም አርቁ።

ዋናው ዝናባችን ሚያዝያና ግንቦት ነው። ስለሆነም ሚያዝያ ሳይገባ፣ በመጪው ቅዳሜ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ጀምሮ ሁላችንም በየግቢያችን እንድንለቅም ኮሚቴው ወስኗል። ዶማና አካፋ ያለው ያምጣ፤ ጉድጓዱን ወጣቶች ይቆፍራሉ። ጉልበት የሌላቸው አረጋውያን ቀድመው ለጸሐፊው ይንገሩ፣ ሰው ይላክላቸዋል። የእኔ ግቢ መጀመሪያ ይጸዳል።

የማኅበሩ ጸሐፊ