የሶር ውሃ ከመለስለሱ በፊት ይለካ

ባለፈው ክረምት መቱ የሚኖሩ አንድ ወዳጃችን ስልክ ደወሉልን። ከአዲስ አበባ አስጭነው ያስተከሉት የውሃ ማለስለሻ መሣሪያ ገና በሦስተኛ ወሩ ጨው መብላቱን አቁሞ ነበር። ሄደን የጨው ማጠራቀሚያውን ክዳን ስንከፍት እስከ አፉ የሞላ መሰለን፤ በእንጨት ስንነካው ግን ከላይ የተጋገረ ቅርፊት ብቻ ሆኖ ተገኘ። ከሥሩ ባዶ ነበር። ቅርፊቱን ሰበርነውና መሣሪያው ሥራውን ቀጠለ፤ ሆኖም ይህ መሣሪያ ከመጀመሪያውስ በዚያ ቤት ምን ይሠራል የሚለው ጥያቄ አልለቀቀንም።

ጠንካራ ውሃ የሚባለው ካልሲየምና ማግኒዝየም የበዛበት ነው። ሳሙና አረፋ አልይዝ ይለዋል፤ በማንቆርቆሪያና በውሃ ማሞቂያ ውስጥም ነጭ ቅርፊት ይጥላል። ተቃራኒውን ለስላሳ ውሃ እንለዋለን፤ የጠርሙሱን መጠጥ ማለታችን እንዳልሆነ አንባቢ ይረዳልናል። በማለስለሻው ውስጥ ሶዲየም የያዙ ሬዚን የተባሉ ጥቃቅን እንክብሎች አሉ። ውሃው ሲያልፍባቸው ካልሲየሙንና ማግኒዝየሙን ይይዙና ሶዲየሙን ይለቃሉ፤ ሲጠግቡም በጨው ውሃ ታጥበው እንደገና ለሥራ ይዘጋጃሉ።

ጨው ደግሞ እርጥብ አየር ይፈታተነዋል። የአየሩ አንጻራዊ እርጥበት 75 በመቶ ገደማ ሲያልፍ ንጹሕ ጨው ከአየር ውሃ ስቦ መሟሟት ይጀምራል። ባልተጣራ ጨው ውስጥ የሚገኘው ማግኒዝየም ክሎራይድማ በ33 በመቶ ገደማ ይረጥባል። ሌሊት የረጠበው ጨው ቀን ሲደርቅ እርስ በርሱ ይጣበቃል፤ ቅርፊቱም እንዲህ ይሠራል። ጨውን ከምድጃ አጠገብ የሚያኖሩ እናቶቻችን ይህን ያለ ፊዚክስ ትምህርት ያውቁታል። ስለዚህ በዝናባማ አገር ማጠራቀሚያውን ከግማሽ በላይ አለመሙላት፣ ክዳኑን በሚገባ መግጠም፣ የተጣራ ጨው መምረጥና በየሳምንቱ በእንጨት መነካካት ይበቃል። ብረት ግን ዕቃውን ይቀደዋል።

እንክብካቤው ይህን ያህል ቀላል ነው። የሚከብደው መሣሪያው ያስፈልጋል ወይ የሚለው ነው። በድሬዳዋና በመቐለ አካባቢ ውሃው በኖራ ድንጋይ ውስጥ ስለሚያልፍ ጠንካራ ይሆናል፤ በዚያ ማለስለሻ ቢገዛ አንገረምም። ኢሉባቦር ግን ሌላ ነው። ድንጋዩ በአብዛኛው የእሳተ ገሞራ ባዛልት ነው፤ ዝናቡም ለዘመናት ከቀዩ አፈር ካልሲየሙንና ማግኒዝየሙን አጥቦ ወስዶታል። አፈሩ አሲዳማ የሆነው በዚሁ ምክንያት ሲሆን፣ ገበሬው ማሳው ላይ ኖራ እንዲበትን የሚመከረውም ለዚህ ነው። እንግዲህ በአንድ ወረዳ ውስጥ ገበሬው ኖራ በኩንታል ሲያጓጉዝ፣ የከተማው ነዋሪ ኖራ የሚያስወግድ ማሽን ይገዛል። የሚያስቅ ይመስላል እንጂ የሚያስወጣው ገንዘብ ቀላል አይደለም። የማሽኑ ጥበብ ራሱ መጀመሪያ የተጠናው በአፈር ላይ መሆኑ ደግሞ ነገሩን የባሰ ያደርገዋል፤ እንግሊዛዊው ኬሚስት ቶማስ ዌይ አፈር አንዱን ይዞ ሌላውን እንደሚለቅ ያሳየው በ1850 እ.ኤ.አ. ነበር።

የወዳጃችንን ውሃ በቀላሉ ፈተንነው። በአንድ ጠርሙስ የቧንቧ፣ በሌላው የዝናብ ውሃ እኩል ቀድተን፣ በሁለቱም ትንሽ የተፋቀ የገላ ሳሙና ጨምረን ናጥናቸው (ዱቄት ሳሙና ለዚህ አይሆንም)። ሁለቱም እኩል አረፉ። ወዳጃችንን ያስጨነቃቸው በመታጠቢያው ላይ የቀረው ቡናማ እድፍም የኖራ ሳይሆን የብረትና የደለል ነበር። እነዚህ ሬዚኑን ይደፍኑታል እንጂ እርሱ ለእነርሱ መድኃኒት አይሆንም።

ከሁሉ ያሳሰበን ግን ሌላ ነው። ቤተሰቡ «ማሽኑ ያጣራዋል» ተብሎ ስለተነገረው የልጆቹን መጠጥ ማፍላት ትቶ ነበር። ማለስለሻ ጀርም አይገድልም። የደፈረሰውን ማጥለል፣ የሚጠጣውን ማፍላት ወይም በክሎሪን ማከም የሚተካው ነገር የለም። ለሻጩ አንድ ቃል ነው፤ ለልጆቹ ግን የተቅማጥ በሽታ ሊሆን ይችላል።

ጥልቅ ጉድጓድ ያስቆፈረ ሰው ምናልባት ጠንካራ ውሃ ሊያገኝ ይችላል፤ እኛም መሣሪያውን አንኮንንም፣ ይለካ ነው የምንለው። የኢትዮጵያ የመጠጥ ውሃ ደረጃ ለጠቅላላ ጥንካሬ ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 300 ሚሊ ግራም ነው። ከሚወገደው እያንዳንዱ 100 ሚሊ ግራም ጥንካሬ ፋንታ 46 ሚሊ ግራም ያህል ሶዲየም ወደ ውሃው ይገባል፤ ስለዚህ የደም ግፊት ያለበት ሰው በሚኖርበት ቤት የወጥ ቤቱ ቧንቧ ከማለስለሻው ውጭ ቢቀር ይመረጣል። ሬዚኑ የታጠበበት የጨው ውሃም ከጓሮ ቡና ሥር አይፍሰስ።

ጥንካሬን ለመለካት የሚያስፈልገው አንድ ቢዩሬትና ጥቂት ኬሚካል ብቻ ነው፤ የኬሚስትሪ ተማሪዎቻችን በመጀመሪያ ዓመት ይሠሩታል። የሳይንስ ፋኩልቲዎች በሳምንት አንድ ከሰዓት በኋላ በራቸውን ለነዋሪው ቢከፍቱ፣ ሻጮችም የውሃ ምርመራ ውጤት ሳያዩ እንዳይሸጡ ቢገደዱ ጥያቄያችን በዚያ ያበቃ ነበር።

ወዳጃችን መሣሪያውን ዘግተው ውሃ ማፍላቱን ቀጥለዋል። የተረፈውን ጨው ለከብቶቻቸው ሰጡት፤ ላሞቹ አልጠሉትም።